ከስቱዲዮ እስከ ማማው፦ ማይክሮዌቭ ወይስ ፋይበር?

የቴሌቪዥን ጣቢያ ፕሮግራሙን ከስቱዲዮ ወደ ማሰራጫው ማማ የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮዌቭ (ከዲሽ ወደ ዲሽ በአየር በሚላክ የሬዲዮ ጨረር) ወይም በፋይበር (ብርሃን በሚያስተላልፍ የመስታወት ክር) ነው።

ማይክሮዌቭ መሬት መቆፈር አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ዲሾች ግን መተያየት አለባቸው። መተያየት ብቻም አይበቃም። በ7 ጊጋኸርዝ የሚሠራ የ20 ኪሎ ሜትር መስመር መሃሉ ላይ በጨረሩ ዙሪያ 9 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ዛፍ ሲያድግ ወይም ሕንፃ ሲነሳ ሲግናሉ ይደክማል። ዝናብ አጥብቆ የሚጎዳው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ያሉትን ነው። ትልቁ ስህተት ግን ዲሹ ሲነጣጠር ይፈጠራል፦ ቴክኒሻኑ የጎን ጨረር (ከዋናው ጨረር ጎን የሚወጣውን ደካማ ጨረር) ይይዝና ምስል ስለመጣ ብቻ ከማማው ይወርዳል። የተለካው ኃይል ከተሰላው 20 ዴሲቤል ያህል (መቶ እጥፍ ገደማ) ካነሰ፣ ዲሹን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች እያዞሩ እንደገና መፈለግ ነው።

ፋይበር ዝናብም ዛፍም አይበግረውም። በ1550 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት በኪሎ ሜትር የሚያጣው 0.2 ዴሲቤል ገደማ ነው። ጠላቱ ቆፋሪ ነው፤ ቀጥሎ የቆሸሸ ማገናኛ።

አቅም ካለ ፋይበሩ ዋና፣ ማይክሮዌቩ ተጠባባቂ ቢሆን ይሻላል። ሁለት ፋይበር በአንድ ቦይ መቅበር ግን ተጠባባቂ አይባልም፤ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል።