ሳንቶሪኒ በአንድ ዋጋ፣ አውሮፕላኑም መርከቡም ሆቴሉም የሚሏችሁን ነገር ሳትከፍሉ በፊት አንብቡ

ወገን በተለይ ጀርመን ያላችሁ፣ በቴሌግራም የሚዞረውን የግሪኳን ደሴት የሳንቶሪኒን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም፣ ያ ነጭ ቤትና ሰማያዊ ጉልላት ያለበት ፎቶ። እኛ ገዝተን ጉድ ሆነናል። የኤጀንቱን ስም አልጠራም ገና እየተከራከርን ነው፣ አሰራሩን ግን ልንገራችሁ ምክንያቱም እንደዚህ የሚሸጠው እሱ ብቻ አይደለም።

በረራው ከፍራንክፈርት አቴንስ ነው፣ ከዛ በመርከብ። ሳንቶሪኒ የራሷ ኤርፖርት አላት ከአቴንስ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ግን ዋጋው እንዲወርድ በባህር ያስኬዷችኋል፣ ትልቁ መርከብ 7 እና 8 ሰዓት ይፈጃል ፈጣኑ 5 አካባቢ። እሱስ ይሁን ባህሩም ደስ ይላል። ጉዱ ያለው መሀል ላይ ነው። የአቴንስ ኤርፖርት ከከተማው በምስራቅ በኩል ነው፣ ዋናው ወደብ ፒሬየስ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ፣ ሜትሮ ባቡሩ በቀጥታ ይወስዳል 9 ዩሮ ነው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ወደቡ ስትደርሱ ደግሞ የመርከብ መሳፈሪያ በሮቹ በቁጥር ናቸው፣ አንዱ ካንዱ ሩቅ ነው፣ ሻንጣ እየጎተታችሁ በዛ ፀሀይ። ለኛ የሰጡን አውሮፕላኑ ከሚያርፍበት እስከ መርከቡ መነሻ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። አውሮፕላኑ ትንሽ ዘገየ፣ ሻንጣ ጠበቅን፣ ስንደርስ መርከቧ ሄዳለች። ፒሬየስ በራሳችን ሆቴል ይዘን አደርን፣ ለጠዋት ደግሞ አዲስ ትኬት ገዛን።

ኤጀንቱ ጋ ስንደውል ምን ቢለን ጥሩ ነው፣ «መርከቡ እኮ ሌላ ትኬት ነው እኛ ደላላ ነን»። አየር መንገዱ አቴንስ አድርሻችኋለሁ ይላል፣ መርከቡ በሰዓቴ ወጥቻለሁ ይላል፣ ሁለቱም ደግሞ እውነታቸውን ነው። የአውሮፓ የበረራ ህግ በገንዘብ የሚክሰው 3 ሰዓትና ከዛ በላይ ዘግይታችሁ ስትደርሱ ነው፣ የመርከብ ህጉ ደግሞ (ቁጥር 1177/2010) መርከቡ ራሱ ሲሰረዝ ወይ ከ90 ደቂቃ በላይ ሲዘገይ ገንዘባችሁን ወይ ሌላ መርከብ ምረጡ ይላል። እናንተ ዘግይታችሁ ከሆነ ምንም የለም።

ግን ደላላ ነኝ ማለቱ አያዋጣውም። በአውሮፓ የፓኬጅ ህግ፣ 2015/2302 የሚባለው፣ ትራንስፖርትና ሆቴል አንድ ላይ በአንድ ጠቅላላ ዋጋ የሸጠላችሁ ሰው ለሁሉም ተጠያቂ እሱ ነው፣ ደረሰኙን ሶስት ቦታ ቢቆራርጠውም። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ አውሮፕላንና መርከብ ብቻ ከሆነ ፓኬጅ አይባልም፣ ሁለቱም ትራንስፖርት ናቸው፣ ሆቴሉ ሲጨመር ነው። አንዳንዱ ኤጀንት ይሄን ስለሚያውቅ ሆቴሉን በሌላ ቀን በሌላ ሊንክ ክፈሉ ይላችኋል፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጀርመን ውስጥ ፓኬጅ የሚሸጥ ገንዘብ ሳይቀበል በፊት ዚሸሩንግስሻይን የሚባል ወረቀት መስጠት አለበት፣ ቢከስር ገንዘባችሁን የሚመልስ ዋስትና ነው። ጠይቁት፣ ካቅማማ ጥላችሁ ሂዱ።

የመመለሻው ደግሞ የባሰ ነው። በሀምሌና ነሀሴ ኤጂያን ባህር ላይ ሜልተሚ የሚሉት የሰሜን ንፋስ አለ፣ ሲጠነክር መርከብ እንዳይወጣ ይከለከላል፣ ፈጣኖቹ ትናንሽ ጀልባዎች ቀድመው ይቆማሉ። የኛ ፕሮግራም ጠዋት ከደሴቷ በመርከብ ማታ ከአቴንስ በረራ ነበር። ስንሄድ መርከብ ቢያመልጥ አንድ ሌሊት ነው፣ ስንመለስ ግን በረራው ነው የሚቃጠለው፣ በንፋስ ምክንያት ሲሰረዝ ደግሞ የመርከብ ድርጅቱ የትኬቱን ይመልሳል እንጂ የሆቴል አይከፍልም፣ የአውሮፕላኑንማ ተዉት። ያን ቀን ንፋሱ ማረን እንጂ እንደ ኤጀንቱ ቢሆን አልቆልን ነበር። ከመመለሻ በረራው በፊት አንድ ሌሊት አቴንስ ማደሪያ የሌለበት ፕሮግራም ከሆነ በነፃም ቢሰጧችሁ አትንኩት፣ በተለይ በነዚህ ሁለት ወሮች።

ትኬቱ ላይ ያለውን የወደብ ስምም እዩ። «አቴንስ ወደብ» ብሎ የሚፅፍ አለ፣ ፒሬየስ ይሁን ራፊና አይለይም፣ ራፊና ሌላኛው የአቴንስ ወደብ ነው፣ በኤርፖርቱ በኩል ጭራሽ ሌላ አቅጣጫ። እና «ሁሉም ተካቷል» የሚለውን አትመኑ፣ ግሪክ ውስጥ የሆቴል ቀረጥ እዛው ሪሴፕሽን ላይ ነው የሚከፈለው፣ ከ2025 ጀምሮ በሰመር ባለ 4 ኮከብ በክፍል በየሌሊቱ 10 ዩሮ፣ ባለ 5 ኮከብ 15። ለንደን ሆናችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ ማስታወቂያው ስለሱ ትንፍሽ አይልም።

እኛ የማስታወቂያውን ስክሪንሾት፣ የከፈልንበትን ደረሰኝና የፒሬየስ ሆቴሉን ቢል ይዘን በፅሁፍ ጠይቀነዋል፣ ለሚቀጥለው ሰመር ቫውቸር ልስጣችሁ አለ፣ በጥሬው ነው የምንፈልገው አልነው። እስካሁን መልስ የለም፣ ቀጣዩ ፌርብራውኸርሴንትራለ፣ የጀርመን የሸማቾች መብት ቢሮ ማለት ነው፣ እሱ ጋ እንሄዳለን። የሚሆነውን እፅፍላችኋለሁ።