ቀርጤስ ከትንንሽ ልጆች ጋር፦ የኪራይ መኪና ይሻላል ወይስ አውቶቡስ?

መጀመሪያ ወደ ግሪኳ ደሴት ወደ ቀርጤስ ስንሄድ ለአሥር ቀን መኪና ተከራየን። ከአሥሩ ቀን ስድስቱን ሃኒያ ከተማ ግንብ ሥር ቆሞ ፀሐይ ሲጠብሰው ዋለ። የአሮጌው ከተማ መንገድ ጋሪ እየገፋችሁ ከፊት ሌላ ጋሪ ቢመጣ የሚያስጨንቅ ነው፤ መኪና የሚታሰብ አይደለም። ልጆቹም ከወደቡ፣ ከአይስክሬሙና ከድመቶቹ መራቅ አልፈለጉም። እኔና ባለቤቴ በየጠዋቱ "ዛሬስ እንንቀሳቀስ፣ የቆመው እኮ ገንዘባችን ነው" እንባባላለን። ከዚያ ተመልሰን ወደብ እንወርዳለን።

በዓመቱ "ሁለተኛ አንሞኝም" ብለን ያለ መኪና ሄድን። ሬቲምኖ አረፍን። አምስት ቀን ሙሉ ሸጋ ነበር። በስድስተኛው ቀን ተራራ ላይ ያለ መንደር አማረን። አውቶቡሱ በቀን አንዴ ነው የሚሄደው። እሱም እኛ ቁርስ ስንበላ ሄዷል።

እንግዲህ ይሄ ንጽጽር ከሁለቱም ስህተት የተለቀመ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ሙሉውን ጊዜ መኪና መከራየትም፣ ጨርሶ አለመከራየትም ትንንሽ ልጆች ላለው ሰው አያዋጣም። ከሁለት እስከ አራት ቀን መኪና፣ የቀረውን አውቶቡስና ጀልባ።

በቅድሚያ የደሴቷን ስፋት ልብ በሉ። ደሴት ሲባል ከሰዓት በኋላ ተዙሮ የሚያልቅ ይመስላል። ቀርጤስ ግን ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ሐዋሳ ልትገቡ ምንም አይቀራችሁም ማለት ነው። ትልልቆቹ ከተሞች፣ ሃኒያ፣ ሬቲምኖና ሄራክሊዮን፣ ሁሉም በሰሜኑ ባሕር ዳር ናቸው፤ የሚያገናኛቸውም አንድ ዋና መንገድ ነው። ከዚያ መንገድ ወደ ደቡብ ስትታጠፉ ተራራ ይጀምራል። ትልቁ ፕሲሎሪቲስ 2456 ሜትር ነው። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ቁጥሩ ብዙም አይደንቅም፤ ነገር ግን ይሄኛው የሚጀምረው ከባሕር ጠርዝ ነው። ሊማሊሞን የወረደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ታች ባሕር መኖሩ ብቻ ነው።

መኪናን ከአውቶቡስ የሚለየውም ይሄው ነው። በሰሜኑ መንገድ ላይ አውቶቡስ ያሸንፋል። ከዚያ ስትወጡ መኪና ያሸንፋል።

መኪናው

ጥሩ ጎኑን ሁሉም ያውቀዋል። ልጅ ሲተኛ ትሄዳላችሁ፣ "ሽንቴ መጣ" ሲል ትቆማላችሁ፣ ዳይፐሩም ውኃውም ፎጣውም ከኋላ ነው። ኤላፎኒሲ የሚባለውን ባሕር ዳር የመሰለ ቦታ ማንም ሳይመጣ በጠዋት መድረስ የሚቻለው በመኪና ነው። ከሃኒያ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ውኃው ረጅም ርቀት ድረስ ከጉልበት አያልፍም፤ የሁለት ዓመት ልጅ ያለ ጭንቀት የምትንቦጫረቅበት ነው። አሸዋው ቦታ ቦታ ላይ ሮዝ ይመስላል። (ልጆች በጠርሙስ ሞልተው ሊያመጡ ይፈልጋሉ። ክልክል ነው፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው።)

መንገዱን ግን ማንም አልነገረንም። ቶፖሊያ የሚባል ገደል ጋ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ዋሻ አለ፤ መብራት ተተክሎለት በተራ ነው የሚታለፈው። ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ጮኹ፣ ደስ አላቸው። ከዋሻው በኋላ ባለው ጥምዝምዝ ትንሿ አስመለሳት። በካርሲቱ (በልጅ መቀመጫው) ቀበቶ ውስጥ፣ በመቆለፊያው ውስጥ፣ በማይደረስበት ሁሉ። የላስቲክ ከረጢትና እርጥብ ሶፍት ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እግራችሁ ሥር ይሁን።

ካርሲት ካልኩ አይቀር፣ ዋናው ምክሬ እዚህ ላይ ነው። የኪራይ ድርጅቱ ስም ይቅርና፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የሰጡን መቀመጫ ትልቁን ልጅ የሚሆን ነበር። የሁለት ዓመቷ ሰመጠችበት። "ሌላ የለም" ተባልን። ባለቤቴ በፎጣ እየደገፈ አስተካክሎ፣ እኔ ከኋላ ቀበቶውን በእጄ ይዤ በሰዓት በ50 ኪሎ ሜትር ሄድን። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ35 በታች የሆነ ልጅ በአውሮፓ ሕግ ያለ ልጅ መቀመጫ መኪና ውስጥ መሄድ የለበትም። ስለዚህ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ካርሲትና ጋሪ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጭናሉ። የኪራዩን ደግሞ በቀን እየቆጠሩ ነው የሚያስከፍሉት።

ኢንሹራንሱን አንብቡ። "ሙሉ ዋስትና" ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ጎማን፣ ቸርኬን፣ መስታወትንና የመኪናውን ሆድ አይጨምርም። እነዚህ ደግሞ በቀርጤስ ድንጋይ መጀመሪያ የሚጎዱት ናቸው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ለደረሰ ጉዳት ብዙ ውሎች ከናካቴው አይከፍሉም። ስትረከቡ ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ፤ አራቱንም ቸርኬ እየተጠጋችሁ። አውቶማቲክ መኪና ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ያዙ፤ ማንዋሉ ይበዛል፣ አውቶማቲኩ ውድ ነው። በነሐሴ ዋጋው የግንቦቱን እጥፍ ቢሆን አይግረማችሁ።

መንጃ ፈቃድ፦ ከአውሮፓ ኅብረት አገር የወጣ ይበቃል። ለአሜሪካ መንጃ ፈቃድም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለም አቀፉ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ወይም የዓረብ አገር መንጃ ፈቃድ የያዛችሁ ግን ዓለም አቀፉን አውጥታችሁ ሂዱ።

ስለ አነዳዱም አንድ ነገር። በሰሜኑ መንገድ ዝግ ብላችሁ ስትነዱ ከኋላ የመጣው መኪና ይጠጋችኋል። አገሬው ወደ ቀኝ ጠርዝ ወጥቶ፣ ግማሽ መኪናውን ከነጩ መስመር ውጪ አድርጎ ያሳልፈዋል። መጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ በሁለተኛው ቀን እናንተም ታደርጉታላችሁ። በየመንገዱ ዳር በምሰሶ ላይ የቆሙ ትንንሽ ቤተ ክርስቲያኖች ታያላችሁ፤ ውስጣቸው ሥዕልና መብራት አለ። ትልቁ ልጄ "የአሻንጉሊት ቤተ ክርስቲያን" ይላቸዋል። ብዙዎቹ አደጋ የደረሰባቸው ቦታዎች ናቸው። ይሄን አልነገርኩትም፤ ባለቤቴን ግን "ቀስ በል" አልኩት።

አውቶቡሱ

ኬቴል ይባላል። ከተማ ለከተማ የሚሄደው ትልቅ፣ ንጹሕ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ነው። ከሃኒያ ሬቲምኖ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለአንድ አዋቂ ከ10 ዩሮ በታች ነው የሚከፈለው። ከሃኒያ ሄራክሊዮን ሦስት ሰዓት አይሞላም። የልጆቹን ሒሳብ ትኬት መስኮቱ ላይ ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ የአዋቂ እንዳትከፍሉ። ጋሪው ተጣጥፎ ከሆዱ ይገባል። ሾፌሩ የማያውቀው ጥምዝምዝ የለም፤ እናንተም መስኮት መስኮት ታያላችሁ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ጉዞ ባሕሩን ያየው ሲቆም ብቻ ነበር።

ችግሩ ሦስት ነው። ሽንት ቤት የለውም። ካርሲት አይታሰብም፤ ልጅ በጭን ወይም በወንበር ነው። ሰዓቱም የእናንተ አይደለም። ኤላፎኒሲ የሚሄደው አውቶቡስ በጋውን ጠዋት ይወስዳችሁና ከሰዓት በኋላ ይመልሳችኋል። በመካከል ልጅ ቢሰለች፣ ቢያተኩሰው፣ አሸዋ ዓይኑ ቢገባ፣ መሄጃ የለም። በዚያ ፀሐይ ረጅም ቀን ነው።

ግን አውቶቡስ የሚያዋጣው እንደምታርፉበት ቦታ ነው። እኔ ሬቲምኖን እመርጣለሁ። አሸዋማው ባሕር ዳር ከከተማው አፍንጫ ሥር ይጀምራል፣ አውቶቡስ ጣቢያው ከአሮጌው ምሽግ አጠገብ ነው፣ ሃኒያም ሄራክሊዮንም ደርሶ መልስ ይቻላል። ሄራክሊዮን ከሆናችሁ ደግሞ ጥንታዊው የክኖሶስ ቤተ መንግሥት 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ደጃፉ ያደርሳችኋል። ለዚያ መኪና መከራየት በከንቱ ፓርኪንግ መፈለግ ነው።

ጀልባው፣ ታክሲውና የቀሩት

ባሎስ የሚባለውን ባሕር በፎቶ አይታችሁት ይሆናል። በመኪና የሚሄደው ሰው መጨረሻ ላይ ኮረኮንች ይጠብቀዋል። መኪናውን ካቆመ በኋላ ቁልቁል በእግር ይወርዳል። መውረዱስ ይሁን። መመለሻው ዳገት ነው፣ በፀሐይ፣ ልጅ አዝላችሁ። ከኪሳሞስ ወደብ የሚነሳው መርከብ አሸዋው ድረስ ያደርሳችኋል። ትናንሽ ልጆች ላሉት ሰው ይሄ ክርክር የሚያስነሳ አይደለም። ንፋስ ሲበረታ ግን ይሰረዛል፤ ስለዚህ የመጨረሻ ቀናችሁ ላይ አታድርጉት።

በደቡብ ደግሞ ሉትሮ አለች። የመኪና መንገድ የላትም። ከሆራ ስፋኪዮን በጀልባ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። መኪና የሌለበት መንደር ውስጥ ልጅን እጁን ሳይይዙ መልቀቅ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ወላጅ ያውቃል።

ታክሲ ለአየር ማረፊያ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ካርሲት የለውም። ቀድሞ የሚያዝ መኪና ካርሲት ይዞ እንዲመጣ በጽሑፍ አስረግጡ። ባለ አራት ጎማውን ሞተር፣ ኳዱን፣ ልጅ አሳፍረው የሚሄዱ ታያላችሁ። አትሞክሩት።

ታዲያ ማን ምን ይያዝ?

አንድ ልጅ ብቻ ካላችሁና አንድ ሳምንት ከሆነ ጉዟችሁ፣ ሬቲምኖ አርፋችሁ በአውቶቡስ ጨርሱት፤ ከመሐል ሁለት ቀን መኪና ያዙ። ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ካላችሁ መኪናውን አራት ቀን አድርጉት፤ ትኬቱ ሲበዛ የአውቶቡሱ ርካሽነት መቀነስ ይጀምራል። መኪናው ከአየር ማረፊያ ሳይሆን ከከተማ ይሁን፣ በሦስተኛው ቀን። ያኔ ልጆቹ እንቅልፋቸውን ጠግበዋል፣ እናንተም በሌሊት በማታውቁት አገር አትነዱም። አያት ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይም መኪና ሲጠማዘዝ የሚያመው ልጅ ካላችሁ፣ ደቡቡን እርሱትና ገንዘቡን ባሕር ዳር ላለ ክፍል አውጡት።

ቀኑንም እዩ። ነሐሴ ውስጥ ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል በኦገስት 15 ያከብራሉ፤ ከእኛ ፍልሰታ አንድ ሳምንት ይቀድማል። በዚያ ሰሞን አቴንስ ተጠራርጎ ደሴቶቹ ላይ ይወርዳል፣ መኪና ይጠፋል፣ አውቶቡሱም የበዓል ፕሮግራም ላይ ነው። ለጿሚ ግን መልካም ጊዜ ነው። ምግብ ቤት ገብታችሁ "ኒስቲሲማ" በሉ፤ የጾም ማለት ነው። ባቄላውም፣ ቅጠሉም፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝም ይመጣል። ኦክቶፐስም ቢጨምሩላችሁ አትደንግጡ፤ በእነሱ ዘንድ ጾም አይፈታም። ልጄ እግሮቹን ስምንት ድረስ ከቆጠረ በኋላ ሳህኑን ወደ አባቱ ገፋው።