የጄልኮት መሙያና ኮምፓውንድ፦ ጣና ላይ ከጥቅምት እስከ ሰኔ

ዕቃው ሁለት ነው፤ አንዱ ነጭ የጄልኮት (የፋይበርግላስ ጀልባ የላይኛው ልባስ) መሙያ ከነማድረቂያው፣ ሌላው ጭረት የሚያጠፋ ኮምፓውንድ። ሁለቱም የአንድ ድርጅት ምርት ሲሆኑ ከዱባይ በሰው እጅ ነው ያስመጣኋቸው። የሠራሁባት ጀልባ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ክብራን ገብርኤል ሰው የምታመላልስ የፋይበርግላስ ጀልባዬ ናት። ፍርዴን ላስቀድም፦ ኮምፓውንዱን ደግሜ እገዛዋለሁ። መሙያውን ግን ለሆዷ ካልሆነ ለሚታይ ቦታ አልመክርም።

ጣና ላይ ጀልባ የሚቧጭረው በብዛት ድንጋይ ነው። ክረምት እንደወጣ ሐይቁ ሙሉ ስለሆነ ብዙም ችግር የለም። በጋው እየገፋ ውኃው ሲሸሽ ግን በመውረጃዎቹ አካባቢ ተሸፍኖ የከረመው ጥቁር ድንጋይ ብቅ ይላል፤ አፍንጫዋና ሆዷ የሚላጠው ያኔ ነው። ጎንና ጎኗን የሚጎዳው ፀሐይ ነው። እዚህ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ሰም ያልተቀባ ጀልባ ቶሎ ይደበዝዛል፣ በእጅ ሲዳሰስም ነጭ ዱቄት ይለቃል።

ከመግዛት በፊት ጭረቱን በጥፍር መፈተሽ ይሻላል። ጄልኮቱ ከፋይበርግላሱ ቃጫ በላይ ያለ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ልባስ ነው። ጥፍር ካልያዘው ኮምፓውንድ ይበቃዋል። ጥፍር ከያዘው መሞላት አለበት፤ ኮምፓውንድ እኮ ጭረት አይሞላም፣ ዙሪያውን ፍቆ ከጭረቱ እኩል ያወርደዋል እንጂ። ቃጫው ከታየ ደግሞ ሬዚን (ቃጫውን የሚያጣብቀው ፈሳሽ) እና አዲስ ቃጫ ስለሚፈልግ የመሙያው ጉዳይ አይደለም።

አሠራሩ ላይ አንድ የሚከራከሩበት ነገር አለ። መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ አሴቶን የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በአሴቶን ነው የምጀምረው፤ የድሮው ሰም ሳይነሣ ከተፈገፈገ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ መሙያው እንዳይይዝ ያደርገዋል። ማድረቂያው ከመሙያው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ በስሪንጅ መለካት ግድ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ ያለ መነጽር አይነካም። አየር የሚያገኘው የመሙያው ላይኛ ገጽ ደግሞ በደንብ አይደርቅም፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ከላዩ ላስቲክ ለጥፌ ዳርና ዳሩን በስኮች አሽገዋለሁ።

ሲደርቅ በእርሳስ አጭረምርምበታለሁ፤ ከዚያ 320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጣውላ ጠቅልዬ በውኃ እፈገፍገዋለሁ። የእርሳሱ መስመር ያልጠፋበት ቦታ ጎድጓዳ ነው፣ እንደገና ይሞላል። እኩል ከሆነ 600፣ 1,000፣ 1,500 እያልኩ አለሰልሳለሁ። የውኃው ሌላ ጥቅም አቧራውን መያዙ ነው፤ የፋይበር ብናኝ ለሳንባ አይሆንም።

ሆዷ ላይ የሞላሁት አንድም አልተላቀቀም፣ አሸዋ ላይ ስንጎትታት እንኳ። ጎኗ ላይ ያለው ግን አሳፍሮኛል። ስሞላው ከነጩ ጋር አይለይም ነበር፤ ፋሲካ ሲደርስ ቅቤ የተቀባ ይመስል ቢጫ ሆኖ ከዳር ይታያል። ሳጥኑ ላይ «ቀለሙን አይለውጥም» ተብሎ ተጽፏል፤ የኛን ፀሐይ ያየ ሰው የጻፈው አይመስለኝም።

አንዳንድ ባትላሜራዎች በስቱኮ ይለፍ ይላሉ። ርካሽ ነው፣ ለመኪናም ጥሩ ነው፤ ከውኃ በታች ግን ውኃ እየጠጣ ያብጣል፣ ከላዩም ቀለም ይፈልጋል። መሙያው ውድ ቢሆንም እዚህ ላይ ይበልጠዋል።

ኮምፓውንዱን በሱፍ ፓድ፣ ፍጥነቱ በሚስተካከል ፖሊሽ ማሽን ነው የምሠራው። ከ1,500 ዙር ብዙም አላልፍም፣ አንድ ቦታም አላቆመውም፤ ሙቀቱ ጄልኮቱን ያቃጥለዋል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ካልተሠራበት ወዲያው ይደርቃል። የደረቀው ፓዱ ላይ ስለሚጠጥር በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ቶሎ ቶሎ ማበጠር ያስፈልጋል። ልብስ ላይ መፈናጠሩ አይቀርም። እንቦጭ ውስጥ ስታልፍ ጎኗ ላይ የሚቀረውን ቡናማ መስመር ሳይቀር አንሥቶልኛል፤ ይህን አልጠበቅሁም ነበር።

ያብለጨልጫል እንጂ አይጠብቅም። ለማየት ብዬ የቀኝ ጎኗን ከኮምፓውንዱ በኋላ የካርናውባ ሰም ቀባሁት፣ ግራውን ተውኩት። ግራው ጥር ላይ ፈዘዘ፤ ቀኙ ላይ ግንቦትም ውኃው ክብ ክብ እየሠራ ይወርድ ነበር። የሰሙን ዋጋ ከኮምፓውንዱ ጋር ደምራችሁ አስቡት።

የተረፈው መሙያ ጣሳው ውስጥ ረግቷል። እንደሱ ያለ የፖሊስተር ዕቃ ሙቀት ላይ ሲቀመጥ ዕድሜው ያጥራል፤ ከቆርቆሮ ቤት አውጥቶ ጥላ ያለበት ቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ይሻላል። ትልቁን ጣሳ ለብቻ መግዛት ኪሳራ ነው፤ ትንሹን ግዙ፣ ወይም ከሌላ ባለጀልባ ጋር ተካፈሉት።