«የአደይ አበባ ዘር» እየተባለ በላስቲክ ተቋጥሮ ከሚሸጠው ተጠንቀቁ

ግቢያችሁን ወይም የአጥራችሁን ሥር በአደይ አበባ ለማልበስ ያሰባችሁ ሁሉ፣ በየመንገዱ ዳር ካሉ ችግኝ ሻጮች ዘሩን ከመግዛታችሁ በፊት ትናንት የደረሰብኝን ስሙ። «ከእንጦጦ የተለቀመ ንጹሕ አደይ» ተብዬ ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ለሚያህል ዘር 400 ብር ከፈልኩ። የተሸጠልኝ ኑግ ነበር።

አደይና ኑግ ሁለቱም ከሱፍ አበባ ቤተሰብ ስለሆኑ ቡቃያቸው ለጊዜው ያሳስታል። የአደይ ቅጠል ግን የተሰነጣጠቀ ነው፤ የእኔው ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ያልተሰነጠቀ፣ ሾጠጥ ያለና ዳር ዳሩ ጥርስ ያለው ቅጠል እያወጣ፣ ቀጥ ብሎ እስከ ወገቤ ተመዘዘ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ግቢዬ ውስጥ አንድም አደይ አልነበረም።

ትናንት አንዱን ተክል ነቅዬ፣ የተረፈኝንም ዘር ይዤ ወደ ሻጩ ሄድኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ጤና አዳም ሲመርጡ የነበሩ አንዲት እናት አዝነውልኝ ላስቲኩን ተቀበሉኝና አንዷን ፍሬ በሁለት አውራ ጣቶቻቸው ጥፍር መካከል ጨመቋት፤ ጥፍራቸው ላይ ዘይት ወዛ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ኑግ ነው» አሉኝ። ቢያንስ ይክዳል ብዬ ፊቱን አየሁት። ሰውዬው ግን ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ያም ቢጫ ያብባል፣ ይሄም ቢጫ ያብባል፤ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ፤ ረዳቱም ከጎኑ ሆኖ ሳቀ። እኔ እዚያው ቆሜ፣ እኚያም እናት እየሰሙ፣ አበባ ፈልጎ ለመጣ ወጣት ከጠረጴዛው ሥር ካለው ጆንያ ያንኑ ጥቁር ዘር ዘግኖ፣ በላስቲክ ቋጥሮ፣ «አደይ ነው» ብሎ ሰጠው። ያውቃል ማለት ነው፤ ሰኔም ያውቅ ነበር። ወጣቱን ልጅ አስጠንቅቄ ገንዘቡን አስመለስኩለት፤ የእኔን ግን ሻጩ «የበቀለ ዘር አይመለስም» ብሎ ከለከለኝ።

በ400 ብር ኑግ በኪሎ ይገዛል፤ ይህ ግን ከሁሉ የቀለለው ጉዳት ነው። አደይ የሚያብበው ክረምቱ ሲወጣ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ወቅቱን ያሳለፈብኝ ሰው እስከሚመጣው መስከረም ድረስ ያለውን ዓመት ወስዶብኛል፤ ለዚያ ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

ለምትገዙ፦ የአደይ ዘር ጠፍጣፋ፣ ቀላልና ደረቅ ነው፤ የሚያብረቀርቅና ሲጨመቅ የሚወዛ ከሆነ ኑግ ስለሆነ አትግዙ። ከተቻለ ግን አበባው ረግፎ ራሱ ሲደርቅ ከሜዳ ላይ ራሳችሁ ልቀሙ።