ጋራንቲው ሲያልቅ የጨለመው ቲቪ

ባለ 43 ኢንች ነው። መርካቶ፣ ትልቅ ከሚባል ሱቅ ነው የገዛሁት፤ ስሙን እዚህ አልጠራም። መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን፦ ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ድምፁ ግን ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። አማቴ ዜና ሲከታተሉ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ እኔን አስተርጓሚ አድርገውኝ ከረሙ።

ጋራንቲው የአንድ ዓመት ነበር። ዓመቱ በሞላ ወር ሳይቆይ፣ ማታ ልጆቹ ኳስ እያዩ ምስሉ ድርግም አለ። ኮሜንታተሩ ማውራቱን ቀጥሏል፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ትሁት ነው፣ አልክድም። ወንበር ሰጠኝ፣ ቀኑን አየና «እህቴ፣ ይቺ እኮ አልፋለች» አለኝ። ወረቀቱን ገልበጥ ሳደርገው ደግሞ በደቃቅ ፊደል «በኤሌክትሪክ መዋዠቅ ለሚደርስ ጉዳት ዋስትና የለም» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት የማይዋዥቅበት ቤት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ ነገ እከራየዋለሁ። ጀርመን ያለች እህቴ ስነግራት ሳቀች። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጩ በሕግ ቢያንስ 2 ዓመት ተጠያቂ ነው።

ወደ ጥገና ክፍላቸው ላኩኝ። አብርተው አጠፉና «ፓነሉ ሄዷል» አሉ፤ ምስሉን የሚሠራው ስክሪኑ ራሱ ማለታቸው ነው። የጠሩት ዋጋ አዲስ ቲቪ ለመግዛት ትንሽ ነው የሚቀረው። እኔን ያናደደኝ መበላሸቱ ሳይሆን ይሄ ነው። ሳይከፍቱ!

ሰፈራችን ያሉት ቲቪ ሠሪ ጋሼ ግን የክፍሉን መብራት አጠፉ። ቲቪውን አበሩና የስልካቸውን ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግተው በጎን አበሩበት። «ነይ እዪ» አሉኝ። ምስሉ እዚያው አለ! ደብዝዞ፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ፓነሉ ደህና ነው ማለት ነው። የጠፋው ከኋላው ሆኖ የሚያበራለት መብራት፣ ባክላይት የሚሉት ነው።

ሲከፍቱት ረድፍ ረድፍ የተለጠፉ ቀጫጭን ስትሪፖች አሉ፤ በላያቸው ትንንሽ ኤልኢዲ አምፖሎች። በተከታታይ ነው የተያያዙት፤ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ ይቆረጥና ሁሉም ይጨልማል። የሚያቃጥላቸው ሙቀት ነው። ጋሼ እንዳሉኝ ብዙዎቹ ቲቪዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ባክላይታቸው መጨረሻው ድረስ ከፍ ተደርጎ ነው፣ ሱቅ ውስጥ አብረቅርቀው እንዲሸጡ። እኛም ቤት አምጥተን እንደዚያው እናበራዋለን። ስትሪፑ ከነእጅ ዋጋቸው 4,500 ብር ወሰደ። ባክላይቱን ከ100 ወደ 60 አወረዱት፤ ቤት ውስጥ ልዩነቱን ያየ ሰው የለም።

ከ5 ኮከብ ለቲቪው 2፣ ለጥገና ክፍሉ ዜሮ። ጋሼ 5 ይገባቸዋል፤ ቀጠሯቸው ላይ አይገኙም እንጂ። «ነገ» ካሉ ሳምንቱን ያዙት።

ቲቪ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ጋራንቲው ስንት ዓመት ነው ብቻ አትበሉ። መለዋወጫ ስትሪፕ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በኋላ ሄጄ ያንኑ ሻጭ ጠየቅኩት። «እሱ እንኳን ከቻይና ታዞ ነው የሚመጣው» አለኝ። ጋሼ የገዙት እዚያው መርካቶ፣ ከሱቁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው።