ከደብረ ብርሃን ወደ ጻድቃኔ ማርያም፦ የአንድ የጉዞ አገልግሎት ግምገማ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ምእመናንን ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚወስደው ይህ የጉዞ አገልግሎት በቅርቡ ያዘጋጀው መርሐ ግብር «የእግዚአብሔርን ምሪት መከተል» የሚል ርእስ የተሰጠው ሲሆን፣ ክፍያው የደርሶ መልስ መጓጓዣን፣ የጾም ምሳንና ከቅዳሴ በኋላ የሚሰጠውን ትምህርት ያጠቃልላል። በሞጃና ወደራ ወረዳ የምትገኘው ቦታ በጸበሏ የታወቀች በመሆኗ አብዛኛው ተጓዥ የሚሄደው ለጸበሉ ነው፤ እኔ የተመዘገብሁት ግን በዋናነት ለትምህርቱ ስለነበር፣ ግምገማዬም ወደዚያው ያደላል።

ትምህርቱን የሰጡት ካህን የጀመሩት ከራሳችን አገር ታሪክ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በቡልጋ፣ በጽላልሽ መወለዳቸውን፣ ለአደን በወጡበትም ቅዱስ ሚካኤል ተገልጦ ከእንግዲህ የሚያጠምዱት የሰውን ነፍስ እንጂ አውሬን እንዳልሆነ እንደ ነገራቸው ከገድላቸው ሁላችንም ሰምተናል። ካህኑ ያተኮሩት ግን ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነበር፤ ጥሪው በመልአክ አንደበት የመጣላቸው ጻድቅ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄደው በአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥር ለዓመታት ተምረዋል፣ ታዝዘዋልም። መልአክ ያናገራቸው አባት መምህር ካስፈለጋቸው፣ ሌሊት ሕልም ያየ ሰው የንስሐ አባቱን ሳያማክር ጠዋት ተነሥቶ የሚወስነው በምን ድፍረት ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ከተቀመጠው ሰው መካከል ያጉረመረመ አልነበረም። ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ቅዱስ ጳውሎስ በእስያ እንዳይሰብክ መከልከሉን፣ ወደ ቢታንያም ለመሄድ ሞክሮ አለመፈቀዱን፣ የመቄዶንያውን ሰው በራእይ ያየው ጢሮአዳ ከወረደ በኋላ መሆኑን አንሥተው፣ መከልከልም ራሱ ምሪት ሊሆን እንደሚችል በሚገባ አስረድተዋል። (ከተማችንን አፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት በሰማይ የታየውን ብርሃን እንደ አምላክ ምልክት ተቀብለው ሆኖ ሳለ፣ ከደብረ ብርሃን ለመጣ ሰው ይህ ሳይነሣ መታለፉ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።)

ከትምህርቱ ጋር ፈጽሞ ያልተስማማው አውቶቡስ ውስጥ የተደረገው ነገር ነው። ገና ከከተማው ሳንወጣ አንዲት አስተባባሪ ተጠቅልለው የታሰሩ ትንንሽ ወረቀቶች የሞሉበት ከረጢት ይዛ በየወንበሩ እየዞረች፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ አውጥተን «የዛሬውን መልእክታችንን» እንድንቀበል ጋበዘችን። ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት የደረሰው «ከአገርህ ከዘመዶችህም ከአባትህም ቤት ተለይተህ እኔ ወደማሳይህ ምድር ውጣ» የሚለው የዘፍጥረት ቃል ነበር። ልጁ በባሕር ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ለመሄድ ደላላ አነጋግሮ በማመንታት ላይ እንደ ነበር ለጎረቤቱ ሲናገር ሰምቼ ነበርና፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ሲከት ሳየው ደነገጥሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለጨዋታ አይቀርብም።

ደግነቱ ወጣቱ በጥያቄ ሰዓት ተነሥቶ፣ «አባቴ፣ ሐዋርያትስ ማትያስን የመረጡት በዕጣ አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀ። ካህኑ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ እነርሱ አስቀድመው መስፈርቱን የሚያሟሉ ሁለት ሰዎች አቆሙ፣ ጸለዩ፣ ከዚያ ዕጣ ጣሉ፤ ይህም መንፈስ ቅዱስ ሳይወርድ ነው። ከወረደ በኋላ ግን በዕጣ ሲመርጡ ተጽፎ አናገኝም፤ አብርሃምን የጠራው እግዚአብሔር ነው፣ አንተን የጠራህ ከረጢት ነው» ብለው መለሱለት። ሰው ሁሉ ሲስቅ ልጁም አብሮ ሳቀ፤ እርሳቸው ግን ነገሩን በሳቅ አልተዉትም፣ ከመርሐ ግብሩ በኋላ ለብቻው ወስደው ረጅም ጊዜ ሲያነጋግሩት አይቻለሁ። ለእኔ የጉዞው ዋጋ ይህ ብቻ ቢሆንም በቂ ነበር። ከረጢቱ ግን ለሚቀጥለው ተጓዥ እንዳይዞር አዘጋጆቹ ከራሳቸው መምህር ጋር ሊመክሩበት ይገባል።

ስለ መስተንግዶው ብዙ የሚባል የለም። ሽሮውና ጎመኑ ትኩስ ነበር፣ የጸበል ጀሪካኖች የየባለቤቱ ስም ተጽፎባቸው ስለ ተጫኑ በመመለሻ ላይ ግርግር አልተፈጠረም፣ የመንገዱንም ሁኔታ አስተባባሪዎቹ ሳይነሡ በስልክ ማጣራታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ሰዓት አክባሪነታቸው ግን ደካማ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተብለን በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ ነጠላ ብቻ የለበሱ አረጋውያን ቆመው ሲጠብቁ ነጋ፤ መቼ እንደምንነሣ ለጠየቀ ሁሉ «እግዚአብሔር በፈቀደ ሰዓት» የሚል መልስ ይሰጥ ነበር፣ የምንጠብቀው ቀሪው ወንበር እስኪሞላ መሆኑን ግን ረዳቱ አልደበቀም። በአምላክ ፈቃድ ስም የሚሰጥ እንዲህ ያለ ምክንያት ከዕለቱ ትምህርት ጋር ይጋጫል፤ ወንበር ካልሞላ አይነሣም ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል።

ለትምህርቱ ሲል የሚመዘገብ ሰው አይቆጭም፤ ለጸበሉና ለሱባኤ የሚሄድ ግን የግማሽ ቀኑ ቆይታ ስለማይበቃው በራሱ መንገድ ሄዶ ቢሰነብት ይመረጣል። የሚመዘገብ ሁሉ ጋቢ ይያዝ፣ ለከፈለውም ደረሰኝ ይጠይቅ፤ ካልተጠየቁ አይሰጡም።