ደብተሬን ገልጠው ላነበቡልኝ እትዬ

ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ይህን ጽሑፍ መጻፍ የነበረብኝ በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እንደተመረቅኩ ነበር። ዘገየሁ። አሁን ግን በየሳምንቱ «ጀርመን እንዴት ሄድሽ፣ ማን አስጨረሰልሽ» የሚል መልእክት ይደርሰኛል፣ ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ማንም አላስጨረሰልኝም። ያገዙኝ ግን አሉ። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ውስጥ ለውስጥ ባለው መንገድ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው እናት ናቸው፣ እኛ እትዬ እንላቸዋለን። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም። ቤታቸውን የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ እጠቁማለሁ።

ከሳቸው በፊት ገንዘብ አቃጥያለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሼ ለማስተርስ ላመለክት ስል አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ያለ ሰው 20 ሺህ ብር ተቀብሎ የማመልከቻ ደብዳቤ ጻፈልኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለቴክኖሎጂ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ይጀምራል። ቆንጆ እንግሊዝኛ ነበር። በኋላ ስሰማ አንዲት ጓደኛዬም ያንኑ ደብዳቤ በስሟ ተቀይሮ ገዝታለች።

ያንን ወረቀት ላሳትም ነው እትዬ ቤት የገባሁት። እሳቸው ድሮ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ፣ በታይፕ ዘመን የጀመሩ ናቸው፣ እና ከማተሚያው የሚወጣ ወረቀት ሳያነቡ አይሰጡም። አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣
«ልጄ፣ በልጅነትሽ ቤታችሁ ኮምፒውተር ነበረ?»
«አልነበረም እትዬ።»
«ታዲያ ምን ነበረሽ?»

ደብተር ነበረኝ። እናቴ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አሳ ገዝታ፣ አጽድታ ትሸጣለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ ኪሳራዋ ከየት እንደሚመጣ ስላልገባኝ በየቀኑ መመዝገብ ጀመርኩ። ስንት ቆሮሶ ገባ፣ ስንት አምባዛ፣ በስንት ተገዛ፣ በስንት ተሸጠ፣ ነፋስ ነበር ወይ፣ ሁዳዴ ሲገባ ዋጋው ምን ሆነ። ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር፣ የሚወራ ነገር አልመሰለኝማ።

«ነገ ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ። ሦስቱንም ደብተር ወሰድኩ። አሳ አሳ ይሸታሉ። ደንበኛ እየመጣ እየሄደ እሳቸው ገጽ በገጽ ገለጡ፣ ምሳ ሰዓታቸው አለፈ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አስቀመጡና «ይሄ ባዶ መስመር ምንድነው?» አሉ። አንዳንዱ ባዶ ጀልባ ያልወጣበት ቀን ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እኔ ፈተና ላይ ሆኜ ሳልመዘግብ የቀረሁበት። «ታዲያ በምን ይለያሉ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «በይ ይሄንን ጻፊ፣ ያንን የገዛሽውን ተይው።»

አራት ጊዜ ጻፍኩት። አራቱንም ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። ቃል ሲከብድ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ይላሉ፣ እኔ ስንተባተብ «ካላወቅሽው አውጪው» ይላሉ። አንድም ዓረፍተ ነገር እሳቸው አልጻፉልኝም። የተቀበሉኝም የኅትመቱን ብቻ ነው። ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን ማታ መብራት ሄደ፣ በስልካቸው ኢንተርኔት ላፕቶፔን አገናኝተን፣ ባትሪው ሊሞት ሲል ላክነው። ከዚያ የሚያውቁትን ባጃጅ ጠርተው፣ ሒሳቡንም ከፍለው ቤቴ አደረሱኝ።

የገባሁት ብሬመን፣ ግሮን የሚባለው ሰፈር ያለው ትንሹ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ዳታ ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት። በ2021 ስገባ ጃኮብስ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር፣ እዚያው እያለሁ በ2022 መጨረሻ ኮንስትራክተር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ2001 ሲከፈት ደግሞ ሌላ ስም ነበረው፣ ስለዚህ በፍለጋ የተለያየ ስም ካገኛችሁ አትደናገጡ፣ አንድ ነው። ግቢው ድሮ የወታደር ካምፕ ነበር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም አገር አልባ የሆኑ ሰዎች ተጠልለውበት ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በነዚያ ቀይ ሕንፃዎች መካከል ሳልፍ ሻንጣዬን ይዤ የደረስኩበት ቀን ትዝ ይለኝ ነበር።

ትንሽ ነው ስል በእውነት ትንሽ ነው። ከመቶ በላይ አገር የመጡ ተማሪዎች ይኖሩበታል፣ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መመገቢያው ውስጥ የማታውቁት ፊት ይጠፋል። አብዛኛው ተማሪ እዚያው ግቢ ነው የሚያድረው። ጳጉሜን አልፋ እንቁጣጣሽ ስትመጣ ኢትዮጵያዊ የሆንን ጥቂት ልጆች ሽሮ ሠራን፣ ቡና አፈላን። የኔፓል፣ የጆርጂያና የናይጄሪያ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጡ አልተነሱም። ሲከፋኝ በእግሬ እስከ ቬገዛክ ወርጄ ቬዘር ወንዝ ዳር እቀመጥ ነበር። ውሃ ዳር ላደገ ሰው ውሃ ዳር መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ይሄንን ነው። በገባሁ በሁለተኛው ወር ገደማ ፕሮፌሰራችን ስለጎደለ ዳታ ሲያስተምር ቆም አለና «እዚህ የአሳ ደብተር ይዛ የመጣች ተማሪ አለች» ብሎ ወደኔ ዞረ። ደብዳቤዬን አንብቦታል! ወደ ሰሌዳው አወጣኝ። «ዜሮ ማለት ጀልባ ወጥቶ ምንም አልተያዘም ማለት ነው። ባዶ ማለት አላወቅንም ማለት ነው። ነፋስ በበዛበት ቀን ብቻ ባዶ ከሆነ ግን ባዶው ራሱ ይናገራል» አለ። እኔ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ያሰብኩት እትዬን ነው። ያቺ ጣታቸው፣ ያ ባዶ መስመር። የመጀመሪያ የቤት ሥራዬም ሲመለስልኝ ዳርና ዳሩ ሁሉ በማስታወሻ ተሞልቶ ነበር፣ እና አልደነገጥኩም፣ ለምጄዋለሁ።

ገንዘቡን አልደብቃችሁም። በኔ ጊዜ የዓመት ክፍያው 20,000 ዩሮ ነበር። ከፊሉን ስኮላርሺፕ ቀነሰልኝ፣ ከቀሪው የተወሰነውን ተመርቄ ሠርቼ ልከፍል ተስማማሁ፣ አሁንም እየከፈልኩ ነው። ለቪዛ ደግሞ በዝግ አካውንት (ገንዘቡ ተቆልፎ እዚያ ስትደርሱ በየወሩ የሚለቀቅበት) 10,332 ዩሮ ማሳየት ነበረብኝ፣ ያኔ ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ማለት ነው፣ ውጭ ያለችው አክስቴ ናት ያስገባችልኝ። በመስከረም 2024 ወደ 11,904 ከፍ ብሏል። ትንሽ ትምህርት ቤት ሁሉም ዓይነት ኮርስም የለውም፣ የምትፈልጉት መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ጀርመንኛም ከመሄዳችሁ በፊት ጀምሩ፣ ግቢው ውስጥ ባያስፈልግም ከግቢ ስትወጡ፣ ሐኪም ቤት ስትሄዱ፣ ሥራ ስትፈልጉ የግድ ነው። እኔ ዘግይቼ ጀምሬ ብዙ ተቸግሬያለሁ።

ወደ እትዬ የምትሄዱ ልጆች፣ እባካችሁ «ጻፉልኝ» ብላችሁ አትሂዱ፣ አይጽፉም። ራሳችሁ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ሂዱ፣ የተበላሸም ቢሆን። ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ የሚያስተይብ ሰው ይበዛባቸዋል። ላነበቡበት ካልጠየቋችሁም በነጻ ነው ብላችሁ አትውጡ፣ ኅትመቱንም ኮፒውንም እሳቸው ጋ አሠሩ።

እትዬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሦስተኛው ደብተር እርስዎ ጋ እንደቀረ አውቃለሁ፣ ለሚመጡት ልጆች እንደሚያሳዩትም እናቴ ነግራኛለች። አልወስደውም፣ እዚያው ይቆይ።